የበረንዳችን ተርብ፦ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በረንዳዬ ላይ የተርብ ጎጆ ከተንጠለጠለ ወዲህ ጎረቤቱም፣ እንግዳውም፣ ባጃጅ ሾፌሩም የሚጠይቀኝን ሰብስቤ፣ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከበድ ያለው እሄዳለሁ።

የወረቀት ተርብ የምትባለው የትኛዋ ናት?

ጅማ ውስጥ የቆርቆሮ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ስሟን ባያውቅ እንኳ። ከጣሪያ ክፈፍ ስር፣ ከመስኮት ጠርዝ፣ ከመብራት ቆጣሪ ሳጥን ውስጥ፣ አንዳንዴም ከቡና ቅጠል ስር ትንሽ ግራጫ ጎጆ አንጠልጥላ የምትኖረው ናት። ርዝመቷ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። መልኳ ከቀይ ቡናማ እስከ ጥቁር ይደርሳል። አንዳንዷ ቢጫ ቀለበት አላት። ወገቧ ክር የሚያህል ነው። ስትበር ረጃጅም እግሮቿን ወደ ታች ትለቃቸዋለች፤ ስታርፍ ደግሞ ክንፎቿን እንደ ነጠላ በቁመታቸው አጥፋ ጎኗ ላይ ታስቀምጣለች። ይሄ የክንፍ አስተጣጠፍ ብቻውን መለያ ነው።

አንድ ዓይነት ብቻ አይደለችም። ፖሊስቴስ የሚባለው ወገን ብቻ በዓለም ላይ ከ200 በላይ ዝርያ አለው። አፍሪካ ውስጥ ደግሞ ቤሎኖጋስተርና ሮፓሊዲያ የሚባሉ ዘመዶቹ አሉ። ቤሎኖጋስተር በወገቧ ርዝመት ትታወቃለች፤ ደረቷና ሆዷ በዱላ የተያያዙ ነው የሚመስሉት። የኔ በረንዳ ነዋሪዎች በመልካቸው ወደዚህችኛዋ ያደላሉ። በተረፈ ቦዬ ረግረግ አካባቢ ውሃ ላይ ስታንዣብብ የምትታየው «የውሃ ተርብ» በስም ብቻ ነው የምትገናኛት። እሷ አትነድፍም፤ ዝምድናም የላቸውም።

ከንብ በምን ትለያለች?

ንብ ወፈር ያለችና ጸጉራም ናት፤ ከአበባ ስትመለስ ኋላ እግሯ ላይ ዱቄት ጠቅልላ ታያላችሁ። ተርብ ለስላሳና አብረቅራቂ ናት፣ ዱቄት አትሸከምም። ንብ ሰሙን ከገዛ ሰውነቷ ታወጣለች፤ ተርብ የግንባታ ዕቃዋን ከእንጨት ነው የምታመጣው። አንድ የንብ ቀፎ ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ንቦች ይኖራሉ። የተርብ ጎጆ ላይ ግን ቁጭ ብላችሁ መቁጠር ትችላላችሁ፤ ከአንዲት እስከ ጥቂት ደርዘን።

አንድ የማይረሳ ልዩነት አለ። የማር ንብ ሰው ስትነድፍ መንደፊያዋ እንደ መንጠቆ ስለሆነ ቆዳ ውስጥ ይቀራል፣ እሷም ትሞታለች። የተርብ መንደፊያ እንደ መርፌ ነው። ገብቶ ይወጣል፤ ከዚያ ይደገማል።

ጎጆው እውነት ከወረቀት ነው?

አዎ፣ ያውም በእጅ ከተሠራው የሚሻል ወረቀት። ባለፈው ጥቅምት አንድ ጠዋት ቡናዬን ይዤ አጥሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። አንዲት ተርብ ያረጀ የባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ አረፈች። ቅርፊቱ ተልጦ ዝናብና ፀሐይ ያገረጣው እንጨት ነው። ጭንቅላቷን ደፋ አድርጋ በመንጋጋዋ እየፋቀች ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች። ወደ ፊት አይደለም፣ ወደ ኋላ! ሰፈሩ ጸጥ ብሎ ስለነበር የፍቂያው ድምፅ ይሰማል፤ ጥፍር ካርቶን ሲፍቅ እንደሚሰማው። ስትነሳ አገጯ ስር የምስር ፍሬ የማታህል እርጥብ ኳስ ይዛለች። እንጨቱ ላይ ቀጭን አዲስ መስመር ቀረ። ያን ቀን አጥሬን በደንብ ሳየው እንደዚህ ዓይነት መስመር ሞልቶታል፤ ለዓመታት ጭረት ነው ብዬ ያለፍኩት።

ያንን ኳስ ከምራቋ ጋር አላምጣ፣ ጎጆው ጠርዝ ላይ እንደ ሊጥ ትዘረጋዋለች። በአንቴናዋ ውፍረቱን እየዳሰሰች። ሲደርቅ ወረቀት ይሆናል። ምራቋ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ውሃ ቶሎ እንዳያርሰው ይረዳል። ጎጆውን ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ግራጫ፣ ነጣ ያለ፣ ቡናማ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። እያንዳንዱ መስመር አንድ ጉዞ፣ አንድ እንጨት ነው። አውሮፓ ውስጥ ባለቀለም ወረቀት ብቻ ተሰጥቷቸው ሰማያዊና ቀይ ጎጆ የሠሩ ተርቦችም አሉ። በነገራችን ላይ የጅማ በርጩማችሁን ቀለም ሳትቀቡ ውጭ ካሳደራችሁት እሱም ለወረቀት ይሄዳል።

ሰው ይህን ዘዴ ዘግይቶ ነው የደረሰበት። አውሮፓ ወረቀት ከአሮጌ ጨርቅ በሚሠራበት፣ እኛም የፍየል ቆዳ ፍቀን ብራና በምንጽፍበት ዘመን፣ ሬኦሚር የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1719 ተርቦችን አይቶ «ከእንጨትም ወረቀት ይሠራል» ብሎ ጻፈ። ሐሳቡ ፋብሪካ እስኪገባ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ።

ጎጆው ምን ይመስላል? ለምን ተንጠለጠለ?

የማር እንጀራ ገልብጣችሁ አስቡ። ባለ ስድስት ማዕዘን ዓይኖቹ ሁሉ ወደ መሬት ያያሉ። ሽፋን የለውም። ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው በአንድ ቀጭን ጥቁር ዘንግ ላይ ነው። ዓይኖቹ ከጥቂት ተነስተው ከመቶ በላይ ሊደርሱ ይችላሉ፤ ከሁለት መቶ የሚያልፈው ግን ብዙ አይደለም።

ዘንጉ የቀጠነው ለጉንዳን ሲባል ነው። እዚህ አገር ጉንዳን በሰልፍ ሲመጣ ዶሮ እንኳ ቆጥ ይቀይራል። አንድ ጉንዳን ጎጆው ጋ ለመድረስ በዚያች አንዲት ዘንግ ማለፍ አለበት። ተርቧ ደግሞ ሆዷ ጫፍ አካባቢ ካለ ዕጢ የሚወጣ ፈሳሽ ዘንጉን ደጋግማ ትቀባዋለች፤ ጉንዳን ሽታውን አይወደውም። ስለዚህ ዘንጉ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ የሚመስለው ቆሽሾ አይደለም።

ጎጆው ውስጥ ማር አለ?

የለም። ልጆች ይህን ተስፋ አድርገው ነው ድንጋይ የሚወረውሩት። ተርብ አልፎ አልፎ የጣፋጭ ፈሳሽ ጠብታ ዓይኖቹ ውስጥ ታስቀምጥ ይሆናል እንጂ የሚቆረጥ ማር አታገኙም። አሜሪካ አህጉር ውስጥ ማር የሚያከማቹ ጥቂት የተርብ ዘመዶች አሉ። ጅማ ግን ማር ከፈለጋችሁ መርካቶ ሂዱ።

ምን ትበላለች?

ጥያቄው ለሁለት ይከፈላል፤ አዋቂዋና ልጆቿ የሚበሉት አንድ አይደለም። አዋቂዋ በዚያች ቀጭን ወገብ ጠጣር ነገር ማሳለፍ አትችልም። ስለዚህ የአበባ ጣፋጭ ፈሳሽ፣ የበሰለ ማንጎና ጊሽጣ ጭማቂ፣ ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ለስላሳ ትጠጣለች። ሥጋ የሚፈልጉት እጮቹ ናቸው። ለእነሱ አባጨጓሬና የቅጠል ትል አድና፣ በመርዝ ሳይሆን በመንጋጋዋ ቆራርጣ፣ አላምጣ ኳስ አድርጋ ታመጣለች። ጎጆው ላይ ስትደርስ ኳሷን ለሌሎቹ ትቆርሳለች፤ ከዚያ አንገታቸውን ከጎጆው ዓይኖች ያወጡ እጮችን በየተራ ያጎርሳሉ። ጉርሻ ብለን የምንጠራው ነገር የእኛ ብቻ አይደለም።

ጉርሻው ደግሞ መልስ አለው። እጩ አዋቂዋ ስትነካካው ከአፉ ስኳርና የፕሮቲን ንጥረ ነገር ያለበት ጠብታ ያወጣል፣ እሷም ትጠጣለች። እናት ልጇን ትመግባለች፣ ልጅ እናቱን ያጠጣል።

ንግሥት አላቸው?

አላቸው፤ ግን እንደ ንብ አውራ በመልክ ተለይታ የተወለደች አይደለችም። ጎጆውን አንዲት ሴት ብቻዋን ልትጀምረው ትችላለች። ብዙ ጊዜ ግን ሁለት ሦስት ሆነው፣ አብዛኛውን ጊዜ እህትማማቾች፣ ይጀምራሉ። ከዚያ ፀብ ይነሳል። አንዷ ሌላዋ ላይ ትወጣለች፣ አንቴናዋን ትነክሳለች፣ ታባርራለች። የተሸነፈችው ሰውነቷን ወደ ጎጆው ዝቅ አድርጋ ጸጥ ትላለች፤ በእኛ ቋንቋ እጅ ነሳች ማለት ነው። ሌዮ ፓርዲ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪ ይህን የበላይና የበታች ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዘርዝሮ ጽፎታል።

ያሸነፈችው እንቁላል ትጥላለች። የበታቿ በድብቅ ብትጥል ብዙ ጊዜ ትበላባታለች። ሌሎቹ እንጨት ይፍቃሉ፣ ያድናሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ። ሆኖም ነገሩ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አይደለም፣ ዘውዱ በዘር አይቆለፍም። ንግሥቲቱ ከሞተች ከበታቾቹ አንዷ ቦታውን ትይዛለች።

ከእንቁላል እስከ ተርብ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ሙቀቱና ምግቡ ይወስነዋል። በግርድፉ አንድ ወር ተኩል፤ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ይረዝማል። ደረጃው አራት ነው፦ እንቁላል፣ እጭ፣ በትምህርት ቤት ፒዩፓ ያልነው፣ ከዚያ አዋቂ። ንግሥቲቱ እያንዳንዱ ዓይን ውስጥ አንድ እንቁላል ታጣብቃለች። ታጣብቃለች ያልኩት ዓይኑ ወደ ታች ስለሆነ ነው፤ ካልተጣበቀ ይወድቃል። የተፈለፈለውም እጭ መጀመሪያ በዚያው ማጣበቂያ ተይዞ ይንጠለጠላል። ሲወፍር ሰውነቱን ግድግዳው ላይ ወጥሮ ራሱን ይይዛል። ዕድሜውን ሁሉ ዘቅዝቆ ነው የሚያድገው። ቆዳውንም እየቀየረ አምስት የእጭነት እርከኖችን ያልፋል።

ሲጠግብ ምግብ ያቆማል። ከአፉ በሚወጣ ሐር የዓይኑን በር በነጭ ቆብ ይዘጋል። ጎጆው ላይ ነጭ ክዳን ያላቸውን ዓይኖች ካያችሁ ውስጡ ያለው እየተለወጠ ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ ዓይነ ምድሩን አልወጣም፤ የሚያወጣው እዚያው ውስጥ ገብቶ፣ አንዴ ነው። ባዶ ጎጆ ገልብጣችሁ ዓይኑ ጥልቅ ቦታ ላይ የምታዩት ጥቁር ደረቅ ነገር እሱ ነው። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ አዲሷ ተርብ ቆቡን ከውስጥ በልታ ትወጣለች። ሠራተኛዋ ከዚያ በኋላ የምትኖረው ሳምንታት ነው። ንግሥት ብዙ ወራት ትቆያለች።

አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር። ወንድ ተርብ አባት የለውም። ንግሥቲቱ የተገናኘችውን ወንድ ዘር ሰውነቷ ውስጥ አስቀምጣለች። እንቁላሉን በዘሩ ካስነካችው ሴት ይሆናል፣ ካላስነካችው ወንድ። ስለዚህ ወንዱ አያት አለው፣ አባት ግን የለውም።

ክረምት ላይ የት ይሄዳሉ?

ይህን የሚጠይቁኝ ስለ ተርብ ከውጭ አገር ቪዲዮ ያዩ ሰዎች ናቸው። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ በረዶው ሲመጣ ሠራተኞቹና ወንዶቹ ይሞታሉ። የተገናኙ ወጣት ሴቶች ብቻ ስንጥቅ ውስጥ ተደብቀው ያሳልፉና በጸደይ አዲስ ጎጆ ይጀምራሉ። እንደ እኛ ያለ አካባቢ የሚገድል ውርጭ የለም። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አልፋ ብትቀመጥም ዓመቱን ሙሉ ቅጠል አለ፣ ትልም አለ። ስለዚህ ጎጆዎቹ በአንድ ቀን አይጀምሩም፣ በአንድ ቀን አያልቁም። በኛው ግቢ አንዱ ጎጆ ገና አራት ዓይን ሲኖረው፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ያለው አርጅቶ ተትቶ ነበር።

ከባድ ዝናብ ግን ያስቸግራቸዋል። ውሃ ሲነካው ጎጆው ላይ ያለውን ጠብታ በአፋቸው እየመጠጡ ሲተፉ አይቻለሁ። በሙቀት ቀን ደግሞ ውሃ አምጥተው ይረጩና በክንፋቸው ያራግቡታል።

ለምንድን ነው የሚነድፉት? ሁሉስ ይነድፋሉ?

ሴቶቹ ብቻ። መንደፊያ በመሠረቱ የእንቁላል መጣያ አካል ተለውጦ የተሠራ ስለሆነ ወንድ ሊኖረው አይችልም። የፖሊስቴስ ወንዶች አንቴና ጫፉ ጥቅልል ይላል፣ እንደዚያ ይለያሉ። ግን ለመለየት ብላችሁ በእጅ አትሞክሩ።

አበባ ላይ ወይም ማንጎ ላይ ያለች ተርብ ካልጨመቃችኋት አትነካችሁም። ሥራ ላይ ናት። ችግሩ ጎጆው ነው። ስትቀርቡ መጀመሪያ ታስጠነቅቃለች፦ ፊቷን ወደ እናንተ ታዞራለች፣ ከፊት እግሮቿ ትነሳለች፣ ክንፎቿን ትዘረጋለች። ይህን አይቶ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ የተመለሰ ሰው ሳይነደፍ ይሄዳል። ጎጆውን የነቀነቀው፣ የተነፈሰበት፣ በመጥረጊያ የመታው ግን አይተርፍም። እኔ የተነደፍኩት ልብስ ሳሰጣ ነው። ገመዱን ሳብ ሳደርግ ለካ ጫፉ የታሰረበት ምሰሶ ላይ ጎጆ አለ። ሦስት ጊዜ። ሁለቱ ጆሮዬ ላይ።

ሕመሙን በቁጥር የለካም ሰው አለ። ጀስቲን ሽሚት የተባለ አሜሪካዊ የነፍሳት ተመራማሪ የንድፊያ ሕመምን እስከ 4 ድረስ ደረጃ ሰጥቶታል፤ ለማር ንብ 2፣ ለደቡብና መካከለኛው አሜሪካ ቀይ የወረቀት ተርብ 3። የእኛይቱን አልሰማሁም፤ የጆሮዬ ድምፅ ግን ወደ 3 ያደላል።

ከነደፈችኝ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ከቦታው ራቁ። መንደፊያ ስለማይቀር ፍለጋ አያስፈልግም። በሳሙናና ውሃ ታጠቡ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ያዙበት። እጅ ላይ ከሆነ ቀለበት ሳያብጥ አውልቁ። ሽንኩርት፣ ጭቃ፣ ቀዝቃዛ ብረት የሚሉ አሉ። ብረቱ ስለሚቀዘቅዝ ያስታግስ ይሆናል። ጭቃውን ግን ቁስል ላይ ባታደርጉት ይሻላል። ለማሳከኩ የአለርጂ ኪኒን ከፋርማሲ ባለሙያ ጋር ተነጋግሮ መውሰድ ይቻላል። እብጠት አንድ ሁለት ቀን ቢቆይ አትደንግጡ።

የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። ትንፋሽ ማጠር፣ የከንፈር ወይም የምላስ ወይም የጉሮሮ ማበጥ፣ መላ ሰውነት ላይ ሽፍታ፣ ማዞርና ራስን መሳት፣ ማስመለስ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ሽንኩርት ፍለጋ አትሂዱ። ሰውየውን አስተኝታችሁ፣ መተንፈስ ከከበደው ደግሞ ቀና አድርጋችሁ፣ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት፤ የሚያድነው አድሬናሊን መርፌ ነው። አፍ ውስጥ የተነደፈ ሰው፣ ብዙ ቦታ የተነደፈ ሕፃንም እንዲሁ ሳይዘገይ ይታይ። ከዚህ በፊት እንዲህ የሆነበት ሰው ቤት ጎጆ ካለ፣ ከታች ስለ መተው የምለው ለእሱ አይሠራም። ይነሳለት።

ለቡናና ለጓሮ ጎጂ ናት?

ለቅጠሉ ጠባቂ ናት፣ ለለቃሚው ግን አስቸጋሪ። አንድ ጎጆ ሙሉ እጭ የሚጠግበው በትል ነው፤ ያ ትል የሚመጣው ከጎመናችሁ፣ ከበቆሏችሁ፣ ከቡናው ቅጠል ነው። የሥራዋን ልክ ለማየት ጎመን አጠገብ ለግማሽ ሰዓት ቁጭ ማለት ይበቃል። ፍራፍሬ ላይ የምታደርሰው ጉዳት ቀላል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የምትመጣው ወፍ ወይም ሌላ ነፍሳት የከፈተው ላይ ነው።

ችግሩ ቀይ እሸት ሲለቀም ነው። ጎጆው ከቅጠሉ ስር ስለሚሆን ከላይ አይታይም። ለቃሚው ቅርንጫፉን ጎትቶ ፊቱ ላይ ያመጣዋል። የለመዱት ለቃሚዎች ከመሳባቸው በፊት ጎንበስ ብለው ከስር ያያሉ፤ ወይም በረጅም ዱላ ዛፉን ቀስ ብለው ነካ አድርገው ይጠብቃሉ። የምትወጣ ካለች ያቺ ዛፍ ለማታ ትቀራለች።

«ተርብ ከሆነች የቡና ፍሬ የሚበሳውን ጥንዚዛ ለምን አትበላልንም?» ያለኝ ገበሬም ነበር። የወረቀት ተርብ ፍሬ ውስጥ መግባት አትችልም። ግን ከሁለት ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጡ፣ እዚያው ፍሬ ውስጥ ገብተው በጥንዚዛው ልጆች ላይ እንቁላል የሚጥሉ የአፍሪካ ተርቦች አሉ። ላቲን አሜሪካ ድረስ ተወስደው ለቡና መከላከያ ተለቀዋል። ተርብ የሚለው ስም ሰፊ ነው።

ጎጆውን ላነሳው ወይስ ልተወው?

ሰው ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ከሆነ ተዉት። የኔ አስተያየት ይሄ ነው፤ ባለቤቴ አትስማማም። ከራስ በላይ፣ ከበሩ ራቅ ያለ ጎጆ ወራት ኖሮ በራሱ ጊዜ ይተዋል። በር ላይ፣ ልጆች የሚጫወቱበት፣ ቆጣሪ አንባቢው እጁን የሚያስገባበት ሳጥን ውስጥ ከሆነ ግን መነሳት አለበት። ቀላሉ ጊዜ መጀመሪያው ነው። አንዲት ተርብና አምስት ዓይን ብቻ ሲኖር፣ እሷ ስትወጣ ጠብቃችሁ በረጅም እንጨት ዘንጉን ፍቁት። ሌላ ቦታ ትፈልጋለች።

ካደገ በኋላ ከሆነ ሲመሽ ወይም ጎህ ሳይቀድ፣ ብርድ ይዟቸው ሁሉም ጎጆው ላይ ሲሆኑ ነው። ወፍራም ልብስ፣ ጓንት፣ ፊት የሚሸፍን ነገር ይልበሱ። ባትሪውን በቀይ ላስቲክ ሸፍኑት፤ ቀይ ብርሃን እምብዛም አይታያቸውም። ፍሊት ከርቀት ተነፍቶ፣ ንግግርም ግርግርም ሳይበዛ፣ ጠዋት ጎጆው ይወርዳል። መሰላል ላይ ቆማችሁ አትሞክሩ፤ ከንድፊያው ይልቅ መውደቁ ይጎዳል። ዘንጉንም ፍቃችሁ አንሱት።

እሳት ግን አይሆንም። ጨርቅ በላምባ ነክሮ ዱላ ላይ አስሮ መለብለብ የተለመደ ነው፤ ማገሩና ክፈፉ ደረቅ እንጨት መሆኑ የሚታወሰው ጭሱ ሲወጣ ነው። የኛ ሰፈር አንድ ወጥ ቤት በዚህ ምክንያት ግማሽ ጣሪያውን አጥቷል። ተርቦቹ በማግስቱ ከጎረቤት መስኮት ስር ጀምረው ነበር።

ተርብ ሰው ትለያለች፣ ቂም ትይዛለች ይባላል። እውነት ነው?

ቂም የሚለውን እናቆየው፤ ፊት መለየት ግን እውነት ነው፣ የተርብ ፊት። ኤልዛቤት ቲቤትስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 የሰሜን አሜሪካ የወረቀት ተርቦች በፊታቸው ላይ ባለው የቀለም ንድፍ እንደሚተዋወቁ አሳየች። የአንዷን ፊት በቀለም ቀይራ ስትመልሳት ጎጆው ላይ ያሉት እንደ እንግዳ ተቀብለው ተጣሏት። ቆይቶ ሲለምዷት ተዋት። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ማይክል ሺሃንና እሷ እነዚህ ተርቦች ፊትን ከሌሎች ሥዕሎች ይልቅ ፈጥነው እንደሚማሩ አሳዩ። በንግሥትነት ውድድር ማን ማንን እንዳሸነፈ ማስታወስ ስለሚጠቅማቸው ነው። የጤፍ ፍሬ በምታህል አንጎል ይህን መሥራት ቀላል አይደለም።

«ተከታትላ ነደፈችኝ» የሚለው ወሬ ሌላ ምንጭ አለው። በብዙ ተርቦች መርዝ ውስጥ ለጎጆ ጓደኞች የአደጋ ደወል የሆነ ሽታ አለ። አንዷ ስትነድፋችሁ ልብሳችሁ ላይ ይቀራል። ሮጣችሁ ሄዳችሁ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ በዚያው ሸሚዝ ጎጆው አጠገብ ስትመለሱ ሽታው ይቀድማችኋል። ቂሙ ያለው ሸሚዙ ላይ ነው። ቀይሩት።

ሥራ ሳይሠሩ ቅጠል ላይ ተሰብስበው የሚቀመጡ ተርቦች አሉ፤ ምን ሆነው ነው?

ሥራ የፈቱ ወንዶች ሊሆኑ ይችላሉ። ሌላው ምክንያት ግን ለብዙዎች የማይታመን ነው። ዜኖስ የሚባል ነፍሳት አለ። እጩ ገና ነጥብ ሳያህል ተርብ እጭ ውስጥ ይገባና አብሯት ያድጋል። ተርቧ አዋቂ ሆና ስትወጣ በሕይወት አለች፣ ትበራለች፣ ትበላለች። ጎጆዋን ግን አታገለግልም። አውሮፓ ውስጥ በፖሊስቴስ ላይ በደንብ እንደታየው የታመሙት ሴቶች ቤታቸውን ጥለው ይወጣሉ፣ ከሌላ ጎጆ ከመጡ መሰሎቻቸው ጋር ቅጠል ላይ ይሰበሰባሉ። መሰብሰባቸው የሚጠቅመው ተርቧን ሳይሆን ዜኖስን ነው፤ ወንዱና ሴቷ የሚገናኙት እዚያ ነው። ሴቷ ዜኖስ ክንፍም እግርም የላትም፣ ከተርቧ ሆድ አትወጣም። ጭንቅላቷን ብቻ በተርቧ ሆድ ቀለበቶች መካከል ብቅ አድርጋ ትጠብቃለች።

ምልክቱ በዓይን ይታያል፦ ሆድ ላይ፣ ቀለበት ከቀለበት በሚገናኝበት ቦታ፣ ቡናማ ትንሽ ጉብታ። የኔዎቹ ላይ እስካሁን አላገኘሁም። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት መነጽሬን አድርጌ፣ ከልብስ ገመዱ በሁለት ሜትር ርቄ፣ የእያንዳንዷን ሆድ እፈትሻለሁ።